ደሟ ንጹህ ነው ተብሎ ሰደቃ ወደተበላበት መርሳ

ወሎን በዘፈን እንጂ በእግሬ አላውቃትም ነበር። ዕድሜዬን የፈጀሁት አዲስ አበባ ውስጥ ነው፤ ሩቅ አገር ሄድኩ ካልኩም ለሰርግ ደብረ ዘይት ወርጄ፣ በማግስቱ ወገቤን እያሸሁ ተመልሼ ነው። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ከሰፈራቸው ንቅንቅ ለማይሉ ሰዎች ነው። መሄድ የሚችል ሰው የእኔን ወሬ ትቶ ራሱ ሄዶ ቢያይ ይሻለዋል።

የሄድኩትም ለሽርሽር አልነበረም። ትርሲት እባላለሁ፤ አንድ ክሊኒክ ውስጥ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። በዚያው ክሊኒክ ሰኣዳ የምትባል ገንዘብ ተቀባይ አለች፤ ከባልደረባነት አልፈን እህትማማች ሆነናል። ሰኣዳ ስትወልድ ታላቅ እህቷ ዘሀራ አራስ ልትጠይቅ ከወሎ፣ ከመርሳ መጣች። አንድ ቀን ሕፃኑን ታቅፋው ሳለ ጭንቅላቱ ደረቷን ቢነካት ፊቷ ጭምድድ አለ። ሰኣዳ ነገሩ አላማራትምና አፋጠጠቻት፤ ለካ በግራ ጡቷ ውስጥ እብጠት ኖሯል። ሐኪም ይይሽ ብትባል ወይ ፍንክች! "ደረቴን ለሰው አልገልጥም። ክንዴን እንኩ፣ ከደሜ እዩት" አለች። ሰኣዳም አንድ የግል ላቦራቶሪ ወስዳ የጡት ካንሰር ጠቋሚ የሚባለውን የደም ምርመራ አሠራቻት። ዘሀራ ውጤቱን ሳትጠብቅ አገሯ ገባች። ውጤቱ "ኖርማል" ብሎ መጣ። ሰኣዳ ደስታው አላስቻላትምና ማንንም ሳታማክር ስልክ አንስታ "ደምሽ ንጹህ ነው፣ አልሐምዱሊላህ!" አለቻት።

እኔ ይህን የሰማሁት አራሷን ልጠይቅ ቤቷ ሄጄ ምሳ ስንበላ ነው። ያ ምርመራ ለዚያ አይሆንም። ካንሰር ወደ ደም የሚለቀው ነገር አለ፤ ጠቋሚ የምንለው እሱን ነው። ገና ትንሽ የሆነ ዕጢ ግን በማሽን የሚታይ ያህል ላይለቅ ይችላል። ሌላዋ ደግሞ ካንሰር የሚባል ነገር ሳይነካት በጉበት ሕመም ብቻ ቁጥሩ ከፍ ይልባታል። ይህ ምርመራ የሚጠቅመው ይበልጡን በሽታው ታውቆ ሕክምና ላይ ያለ ሰው እንዴት እየሆነ እንደሆነ ለመከታተል ነው። እብጠት ምን እንደሆነ ለማወቅ የሐኪም እጅ፣ ከዚያ አልትራሳውንድ፣ ከዚያም በመርፌ ናሙና መውሰድ ያስፈልጋል። ሰኣዳ እያለቀሰች ደወለች። ዘሀራ ግን "ደሜ ንጹህ ነው ተብያለሁ፣ ጨርሰናል" ብላ ዘጋችው። ሦስቴም አራቴም ተደውሎ መልሱ ያው ሆነ።

"አንቺ ሂጂልኝ" አለችኝ ሰኣዳ፣ ሕፃኑ ጡቷ ላይ ተለጥፎ። "አገር ልታይ መጣች ብዬ እነግራታለሁ። ብቻ አደራሽን፣ ሰው ፊት ስለ ጡት እንዳታነሺ።" የዓመት ፈቃዴን አውጥቼ እሺ አልኳት።

ማክሰኞ። አውቶብሱ ገና ሳይነጋ ተነሳ። ከጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ የጸሎት መቁጠሪያቸውን ይዘው እስከ ጣርማ በር ዋሻ ድረስ ከንፈራቸው አላረፈም፤ ከዋሻው ስንወጣ ያ ሁሉ ገደል ከሥራችን ተዘርግቶ ባየው ጊዜ እኔም አብሬያቸው ጀመርኩ። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ሹራቤን አወለቅኩ፣ ከሚሴ ላይ ነጠላዬን። የፍተሻ ኬላ በደረስን ቁጥር መውረድ፣ መታወቂያ ማሳየት፣ ተመልሶ መሳፈር ነው። አዲስ አበባ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቢሆን ኖሮ ሰዉ እርስ በርሱ ይበላላ ነበር፤ እዚህ ግን አንዱ የአንዱን ዕቃ ይይዛል፣ ወጣቱ ለአሮጊቷ ቦታ ይለቃል። መጀመሪያ ለይስሙላ መስሎኝ ነበር። በኋላ ግን እንዲያው ጠባያቸው መሆኑን አየሁ።

ደሴ ስንገባ ጦሳ ተራራ ጉም ተከናንቦ ብርዱ እንጦጦን ያስንቃል። ያረፍኩበት አልጋ ቤት ሙቅ ውሃ አለ ተብዬ ከገባሁ በኋላ ቧንቧው እንደ ንፍጥ ተንጠባጥቦ ዝም አለ። ቅር ብሎኝ ለባለቤቷ ነገርኳት፤ ሴትዮዋ ይቅርታ እንኳ ሳትል ጠፋችና በጀሪካን የሞቀ ውሃ፣ በሌላ እጇ የራሷን ብርድ ልብስ ይዛ መጣች። "መንገደኛን ብርድ ካሳደርኩትማ ምኑን አልጋ ቤት ከፈትኩት?" አለችኝ። እኛ ሰፈር ቢሆን "ነገ ይስተካከላል" ነው የምንባለው።

ረቡዕ። ከደሴ ሐይቅ፣ ከሐይቅ ውጫሌ። ከውጫሌ ወዲያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ በወረደ ቁጥር አየሩ ይሞቃል፣ አረንጓዴው ይበዛል። የመስኖ ቦዮች፣ ሽንኩርት፣ ማሽላ፣ ማንጎ። እኔ አትክልት የማውቀው አትክልት ተራ ተራግፎ ነው። መሬት ላይ በቅሎ ሳየው እንዴት እንደሚያምር ለመንገር ቃል ያጥረኛል።

እያደነቅሁ እንቅልፍ ወሰደኝ። "ወራጅ!" የሚል ድምፅ ሲቀሰቅሰኝ ደርሻለሁ ብዬ ዘልዬ ወረድኩ። አውቶብሱ አቧራ አልብሶኝ ሻንጣዬን ይዞ ሄደ። መንገድ ዳር ፓፓያ የምትሸጥ ሴት ነበረች።

"ይኸ መርሳ ነው?" አልኳት።

ሳቋን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች። "ኸረ ይኸ ውርጌሳ ነው እህቴ! መርሳ ገና ወደፊት ነው። ሻንጣዎትን ይዞ ሄደ እንዴ? አብሽሪ፣ አይጠፋም።" በአንድ ትንፋሽ አንቱም አንቺም አለችኝ። ከዚያ ስልኳን አወጣች። አውቶብሱን መልኩን ነገርኳት፤ እሷ ለአንዱ፣ አንዱ ለሌላው፣ በመጨረሻ መርሳ መናኸሪያ ያለ ዘመዷ ጋ ደረሰ። ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ወደ እኔ ዞረች።

"የማን እንግዳ ናት ነው የሚሉኝ?"

"የአያ ይመር፣ የሽንኩርት ነጋዴው። የባለቤቱ የዘሀራ።"

"ሥራዎትስ?"

እዚህ ላይ ነው ምላሴ የከዳኝ። "የጤና ባለሙያ ነኝ" አልኩ።

ሴትዮዋ ድምጿን ከፍ አድርጋ "የዘሀራ ዶክተር ናት፣ ከአዲስ አበባ!" ብላ ለመናኸሪያው አሰማች። ላርማት ብል ስልኩ ተዘግቷል። ፓፓያ ቆርጣ አበላችኝ፣ ዋጋውን ብላት አሻፈረኝ አለች፣ በሚያልፍ ሚኒባስም ራሷ ለምና አሳፈረችኝ።

መርሳ ስደርስ አንድ ጢሙ የሸበተ፣ እጁ ግሪስ የነካው ሰው ሻንጣዬን ታቅፎ ቆሟል። "እንኳን ደህና መጡ ዶክተር! ሻንጣዎ ቀድሞዎት ገብቷል" አለ። ሞላ ይባላል፤ መካኒክ ነው፣ አንድ ሚኒባስም አለችው፣ የእነ ዘሀራ የግድግዳ ጎረቤት ነው። ዶክተር አይደለሁም ብለው "ትሕትናዎ ነው" አለኝ። ከዚያ ወዲያ መርሳ ውስጥ ስሜን በትክክል የጠራኝ አልነበረም።

ዘሀራ በር ላይ ጠበቀችኝ፤ ረዘም ያለች፣ ዓይኗ ትልልቅ፣ ከእኔ እምብዛም የማትበልጥ ሴት ናት። ሰላምታው ረጅም ነበር፣ ስለ እናቴም ስለ ልጆቼም ስለ አዲስ አበባ ዝናብም ጠየቀችኝ። ቤት ገብተን ሁለታችን ብቻ ስንቀር ግን ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"እህቴ፣ አገር ልታዪ መጣሽ ነው የተባልኩት። መንደሩ ደግሞ ዶክተሬ መምጣቷን ሰምቷል። አሁን ለጠየቀኝ ሁሉ ምን ልበል?"

መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። በአንድ ቃል የሰኣዳን አደራ በላሁት።

እራት ቀረበ፤ ሽሮ በዘይት፣ ምስር፣ የማሽላ እንጀራ። "ቅቤ የለበትም፣ ብይ" አለችኝ ዘሀራ። "ዛሬ ረቡዕ አይደል?" ጾሙን እኔ መንገድ ላይ ረስቼው፣ ሙስሊሟ አስተናጋጄ አስታወሰችልኝ። ደግሞ ሐሙስ ለምበላው ዶሮ ከወዲሁ ተጨንቃ፣ ክርስቲያን ባርኮ እንዲያርደው ለሞላ፣ በራሷ ድስት እንድትሠራው ለሚስቱ ለአስናቁ ነግራለች። እዚያ አገር ይህ ወሬ አይደለም፣ የዘወትር ሥራ ነው።

በዚሁ ጨዋታ መሃል የሰደቃውን ነገር ሰማሁ። ዘሀራ ደም በሰጠች ቀን "ደሜ ደህና ከሆነ አበላለሁ" ብላ ተስላ ኖሯል። የሰኣዳ ስልክ በመጣ በሳምንቱ ሁለት በግ ተገዛ። አንዱን ሸህ ሰይድ የሚባሉት የሰፈሩ ሽማግሌ፣ አንዱን ሞላ አረዱት፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በየማዕዱ በላ፣ መረቀ፣ አሚን ተባለ። ይህን ሲያወራልኝ አያ ይመር ፊቱ በራ። እኔ ግን ጉድ ፈላ አልኩ በሆዴ።

ሐሙስ። አያ ይመር ግራና ገበያ ሽንኩርት ሊገዛ ሲሄድ "አገር ልታዪ አይደል የመጣሽ?" ብሎ ይዞኝ ሄደ። ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ነው፤ ወፍራም ሰው መሆን ኃጢአት መሆኑን ያወቅሁት ግራና ላይ ነው። ገበሬዎቹ ሲያዩኝ ከጥላቸው ተነስተው እኔን ያስቀምጡኛል፤ እምቢ ብል ይቀየማሉ። ከጥላ ወደ ጥላ እየተሸጋገርኩ ገበያውን ጨረስኩ።

አያ ይመር ሲገዛ ቆሜ አየሁት። ጆንያውን ያሸታል። ሽታ የለውም። ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን እስከ ብብቱ ጆንያው ውስጥ ይሰዳል፣ መሃሉን ይዳብሳል፣ አንዳንዱንም ሻጩን አስፈቅዶ ይዘረግፈዋል። አንዱ ጆንያ ምንም ሳይሸት ከመሃሉ መበስበስ የጀመረ ለስላሳ ሽንኩርት ወጣ።

"አያ ይመር፣ ካልሸተተ ለምን እጅዎን ይከታሉ?" አልኩት።

"ሽታውማ የሚመጣው ብዙው ከተበላሸ ወዲያ ነው። አንዷ ስትጀምር አይሸትም። ሲሸት ብትደርሺ ምን ዋጋ አለው?"

 ከሰው ገለል አድርጌ ነገርኩት። "የዘሀራ የደም ምርመራ ማሽተት ነው" አልኩት። "አልሸተተም፤ እሰየው። እጅ ግን አልገባም።"

 ሽንኩርቱን አየ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። "ታዲያ ሰኣዳ ንጹህ ነው አላለችም?"

"ሰኣዳ ያነበበችውን ነው የተናገረችው። እህቷ ስለሆነች ቸኮለች።"

የያዘውን ጆንያ ሳይገዛ ተወውና ወደ መርሳ ተመለስን። 

ማታ እኔ ዶሮዬን፣ እነሱ የራሳቸውን ማዕድ ስንበላ እሱ ራሱ ጀመረላት። የሽንኩርቱን ነገር እኔ ካልኩት አሳምሮ ነገራት። ዘሀራ እጇን ከማዕዱ ሳትመልስ ሰማችው።

"ገብቶኛል" አለች። "ትናንት ዶክተር መጣች ሲባል ነው የገባኝ። ሰው በከንቱ ይኸን ያህል መንገድ አይመጣም።"

"ታዲያ እንሂዳ" አልኳት።

"አንቺ ምን አለብሽ! ያ ሁሉ ሰው ቤቴ በልቶ መርቆኝ ሄዷል። አሁን ሐኪም ቤት ሲያየኝ 'ዘሀራ በዱዓችን አላመነችም' አይለኝም? ወይ ደግሞ 'ሳይሻላት ተሻለኝ ብላ አበላችን' ይለኛል። ያበላሁትን ሰው በምን ፊቴ ልየው? ስለቱ ደርሷል ብዬ በአላህ ፊት አመስግኛለሁ። አላመንኩም ብዬ ደግሞ ልመለስ?" እንባዋ መጣ። "ከዚህ እብጠቱ ይቅለለኝ።"

እኔ ያን ሁሉ መንገድ ስለ ጠቋሚ እንዴት ላስረዳት እያልኩ ነበር ያጠናሁት። ለካ የሚያግዳት ከእኔ ትምህርት ጋር የሚገናኝ ነገር አይደለም። ዶሮዬን በላሁ፤ ጣዕሙም አልታወቀኝ።

አርብ። ከጁምዓ ሶላት በኋላ አያ ይመር ሸህ ሰይድን ይዟቸው መጣ። ቀጭን፣ በትራቸው ከእሳቸው የሚወፍር ሽማግሌ ናቸው። ዘሀራ እግራቸው ሥር ተቀምጣ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ሁሉን ነገረቻቸው። እብጠቱ ያለበትን ስትናገር ድምጿ ጠፋ፤ እሳቸውም እንዳልሰሙ ሆነው ወደ በሩ ተመለከቱ፤ አክብሮታቸው ነው።

"ልጄ" አሉ፣ "ዘር በቀለ ተብሎ ምስጋና ይደረጋል። ምስጋና ተደርጓል ተብሎ ግን አረም ሳይታረም አይታደርም። ስለትሽን አድርሰሻል፣ አላህ ይቀበልሽ። አሁን ሐኪም ዘንድ ብትሄጂ ማን ነው ከሃዲ የሚልሽ? እኔ አልልሽም።"

"አንቱማ አይሉኝም አባቴ። ሰዉ ነው።"

"ሰዉንም እኔ እነግረዋለሁ።"

ዘሀራ ቀና አለች። "የለም። የበሉት ከእጄ ነው፤ ከአፌ ይስሙት።"

ሸህ ሰይድ ለአፍታ አዩዋትና "ይኸ ከሆነማ መልካም" አሉ።

ከአስር ሶላት በኋላ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ግቢው በሰው ሞላ። በዚያ አገር ሰው ተጠርቶ ባዶ እጁን አይመጣም፤ ቆሎ፣ ማንጎ፣ ሸንኮራ ተሸክሞ ነው የመጣው። ክርስቲያኖቹ አርብ ስለሆነ የሚበሉትን ለይተው አስቀመጡ። ያን ጊዜ ሰደቃ ሲበሉ የነበሩት ሁሉ መምጣታቸውን አያ ይመር ነገረኝ። እኔ ጥግ ላይ ተወሸቅሁ፤ "ዶክተር፣ እዚህ" ብለው አውጥተው መሃል አስቀመጡኝ።

ዘሀራ ቆመች። 

"ጎረቤቶቼ" አለች፣ "ባለፈው ደምሽ ንጹህ ነው ተብዬ አበላኋችሁ። አልዋሸኋችሁም፣ የተባልኩትን ነው የነገርኳችሁ። ግን ደሜን ነው ያዩት፤ እብጠቱን ያየው የለም። እብጠቱ እዚሁ ነው።" እጇን በሻሿ ላይ፣ በግራ ጡቷ ላይ አሳረፈች። "ሰኞ ወልድያ ሐኪም ቤት መሄድ እፈልጋለሁ። ዱዓችሁን ንቄ አይደለም። የበላችሁ ሁሉ ይቅር በሉኝ።"

ወንዶቹ መሬት መሬቱን አዩ።  ስህተት አደረግን፣ ገደልናት አልኩ።

ቀድማ የተነሳችው የሞላ ሚስት አስናቁ ናት። "ምን ይቅር በሉኝ ትያለሽ!" ብላ ተቆጣቻት። "በጉ አለቀ እንጂ ምርቃቱ መች አለቀ? ያኔ ለደምሽ መረቅንሽ። ዛሬ ለጡትሽ እንመርቅሻለን!"

ጡት የሚለው ቃል በዚያ ግቢ፣ በዚያ ሁሉ ወንድ ፊት ተነግሮ አያውቅም መሰለኝ። አንዲት ባልቴት ሳቋ አመለጣት፣ ከዚያ ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ፣ ዘሀራም እያለቀሰች ሳቀች። ሸህ ሰይድ እጃቸውን ዘረጉ። "አላህ ያሽርሽ፣ የሐኪሙን እጅ መድኃኒት ያድርገው፣ ደጉን ያሰማን" አሉ፤ አሚን ተባለ። ከክርስቲያኖቹም አንድ አዛውንት ተነስተው መረቁ፤ አሁንም አሚን። በአዲስ አበባ አፓርታማዬ የጎረቤቴን ስም አላውቅም። እዚያ መሃል ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፣ አላፈርኩምም።

ሞላ ሲወጣ "ሰኞ ጠዋት መኪናዬ በር ላይ ናት" አለ።

እሁድ። ቅዳሜ በሙቀትና በማንጎ አለፈ። እሁድ ከአስናቁ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሳምን። ከሰዓት ዘሀራ ጓዳ ጠራችኝና በሩን ዘጋች። "ነገ ለማላውቀው ሰው ከማሳይ አንቺ አስቀድመሽ እይልኝ" አለች። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ የማውቀው ብልቃጥ ነው አልኳት። "እንግዲያው ዝም ብለሽ አብረሽኝ ተቀመጪ" አለች። አብሬያት ተቀመጥኩ። ራሷ ልብሷን ገልጣ አየችው፣ ነካችው፣ መልሳ ሸፈነችው። ከጀመራት ወዲህ በብርሃን ስታየው የመጀመሪያዋ መሆኑን ነገረችኝ።

ሰኞ። ዘሀራ፣ አያ ይመርና እኔ ብቻ የምንሄድ መስሎኝ ነበር። በር ስከፍት የሞላ ሚኒባስ ሞልታለች፤ አስናቁ አለች፣ ባልቴቷ አለች፣ ገና ስማቸውን ያልያዝኩት ሴቶች አሉ።

"እናንተ ወዴት ናችሁ?" አልኳቸው።

"ልናደርሳት ነዋ!"

ከመርሳ ወልድያ መንገዱ ሩቅ አይደለም፤ በስሪንቃ በኩል ማሽላውን ግራ ቀኝ እያየን ደረስን። ሴቶቹ መንገዱን ሙሉ አንጎራጎሩ፤ ድምፃቸው ውስጥ ያለውን ያን የወሎ ዜማ እኛ አዲስ አበባ በኦርጋን ስናበላሸው እንደኖርን ገባኝ። ወልድያ በተራሮች መሃል ተኮልኩላ፣ ባጃጁና ጥሩምባው መርካቶን ያስታውሳል፤ ልዩነቱ እዚህ አሽከርካሪው ገጭቶሽ ሊያልፍ ሲል እንኳ "ይቅርታ እናቴ" ማለቱ ነው።

ሐኪም ቤቱ ሰልፍ ነበረው። የደረሰችን ሐኪም ወጣት ሴት ናት። እስከ በር የተከተለውን ሕዝብ አይታ "ሁሉም ታማሚ ነው?" አለች። ዘሀራ ገባች። እኔም አብሬ ልግባ ብዬ ተፈቀደልኝ። ሐኪሟ መጀመሪያ በእጇ መረመረቻት፣ ከዚያ አልትራሳውንድ ታየ። ዘሀራ የአዲስ አበባውን የደም ውጤት ብትነግራት ሐኪሟ አልሳቀችባትም፣ አልተቆጣቻትምም። "ደምሽ ጥሩ መሆኑ ጥሩ ነው። ይኸኛውን ግን ራሱን እንጠይቀው" አለቻት። በመርፌ ናሙና ተወሰደ። መርፌው ሲገባ ዘሀራ የእኔን ጣት ጨመቀች፤ ጣቴ እስከ አዲስ አበባ አብሮኝ ታመመ። ናሙናው ደሴ ተልኮ እንደሚመረመር፣ ውጤቱም ጥቂት ጊዜ እንደሚወስድ ተነገረን።

ስንወጣ አያ ይመር እጁን ወደኋላ አጣምሮ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞራል። ሴቶቹ ከበቧት። "ምን አደረጉሽ? አመመሽ?"

"የወባ መርፌን አያክልም" አለች ዘሀራ፣ ጀግና ሆና። ጣቴን ደበቅሁት።

አስናቁ ነጠላዋን አጣፋች። "እንግዲያው እኔንም ትየኛ። ከመጣሁ አይቀር።" ብላ ገባች። ባልቴቷ ተከተለቻት። ሐኪሟ ከምሳ በኋላም እያየቻቸው ቆየች፤ አመስግኜ አልጨረስኳትም።

ማክሰኞ። ሞላ ወልድያ ድረስ ወስዶ አውቶብስ አሳፈረኝ፤ ደግሞ ውርጌሳ እንዳልወርድ ሹፌሩን አደራ አለው። ለሰኣዳ ማር፣ ለሕፃኑ ልብስ፣ ለእኔ አንድ ማዳበሪያ ሽንኩርት ተሰጠኝ። አያ ይመር አንድ በአንድ የመረጠው ነው። ዘሀራ ስትሰናበተኝ ስለ ውጤቱ አላነሳችም፤ "መንገዱን አላህ ያቅልልሽ" ብቻ አለች። እኔ ግን መንገዱን ሙሉ ስለ እሱ እንጂ ስለ ሌላ አላሰብኩም።

ውጤቱ የመጣው ሥራ ላይ ሳለሁ ነው። የደወለችው ራሷ ዘሀራ ናት፤ ከሰኣዳ በፊት ለእኔ።

"እህቴ፣ እሱው ነው" አለችኝ።

ካንሰር ነው ማለቷ ነው። ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። የምጽናናው እኔ፣ የምታጽናናው እሷ ሆነች። "አታልቅሺ። ሐኪሟ ገና ትንሽ ነው አለች። ደሴ ይወጣልኛል። 'እንኳን በጊዜ መጣሽ' ስትለኝ 'አልመጣሁም፣ አመጡኝ እንጂ' አልኳት።"

ደሴ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ ግራ ጡቷ ተነሳ። ቀጣዩን ሕክምናም ጀመረች፤ አደከማት፣ ጸጉሯም ረገፈ። ሰኣዳ ሕፃኑን ይዛ ሄዳ አስታማት መጣች። መጨረሻው ምን እንደሚሆን ሐኪሞቹም ቃል አይሰጡም፣ እኔም አልሰጥም።

ባለፈው ደውዬላት ነበር። ድምጿ ደክሟል፤ ከበስተኋላዋ ግን የሴቶች ጫጫታ ይሰማል። ለመጠየቅ የመጡ መስሎኝ "ቤትሽ ሞልቷል ማለት ነው" አልኳት።

"አይ፣ እነዚህ ከሐራም ከግራናም የመጡ ናቸው" አለችኝ። "ነገ ወልድያ ሊታዩ ነው። አንዳንዷ ገና እያፈረች ነው።"

"ማን ነው የሚወስዳቸው?"

"እኔ ነኛ" አለች ዘሀራ።